ቅቤ የጠጣ ፍሬን

መኪና ውስጥ አርፌ መቀመጥ አልችልም። ይህን የሚያውቁ የሸዋ ሮቢት ሹፌሮች ከኋላ ሊያስቀምጡኝ ይሞክራሉ፤ እኔ ግን «ወገቤን፣ ልጄ፣ ወገቤን» እያልኩ ጋቢና እገባለሁ። ወገቤ ደህና ነው። የታመመው ጆሮዬ ነው። ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ቀጭ የሚለው ምንድን ነው? ፍሬን ሲያዝ ነው የሚጮኸው ወይስ ሲለቀቅ? ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ሹፌሩ ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋል፣ እኔ ዝቅ አደርጋለሁ። እሱ ከፍ፣ እኔ ዝቅ። ጀውሃ ሳንደርስ ተኳርፈናል።

«አባባ፣ ምን ተሰማዎት?» አለኝ በቀደም አንዱ።

«ምንም አልተሰማኝም።»

«ታዲያ ምን ያቁነጠንጥዎታል?»

«ምንም አለመሰማቱ ነዋ!»

እብድ ነው ይሉኛል። ይበሉ። ምክንያቱን ብነግራቸው ደግሞ ሞኝ ነው ሊሉኝ ነው። ከሁለቱ እብደቱ ይሻለኛል ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ አፌን ይዤ ቆየሁ። አሁን ግን የዚያን ቀን ሰዎች አልቀው የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ፤ የሚያሳጣኝ ምስክር ከጠፋ ራሴን እኔው ላሳጣ።

ነገሩ በጣሊያን ጊዜ ነው። ከጣርማ በር በደብረ ሲና አድርጎ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ተከፍቶ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ የመንገድ ሠራተኞች ሰፈርና አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ቤት ተሠርቶ ነበር። በቆርቆሮው ቤት ካሚዮን ይጠገናል። እኔ ያኔ ሃያ ሦስት ወይ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ሥራዬ ካሚዮን ሥር ተንጋልሎ ግራሶ መቀባት። አርበኛ ነበርኩ ብል ደስ ባለኝ። ወንድሞቻችን ከሸንተረሩ ላይ ሲተኩሱ እኔ ከጎማ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ የጣሊያንን ብረት እያለሰለስኩ ነበር። ጠላት ከወጣ በኋላ አገሬው ሁሉ አርበኛ ሆኖ ሲገኝ እኔም ትንሽ ሞክሬ ነበር፤ ሚስቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችብኝና ተውኩት።

ታዲያ በዚያ ቆርቆሮ ቤት ትልቅ ስም ነበረኝ። «ጆሮው» ይሉኝ ነበር። ስሙን ያገኘሁት እንዲህ ነው። አንድ ቀን አንድ ካሚዮን ቀጭ፣ ቀጭ እያለ መጣ። ሲሮጥ ቀጭታው ይሮጣል፣ ሲያዘግም ያዘግማል። መካኒኩ፣ እሱም ጣሊያን ነው፣ ቸርኬውን ሊፈታ ቁልፍ ሲያነሳ እኔ ከኋላ ባሉት መንታ ጎማዎች መካከል እጄን ሰድጄ እንቁላል የሚያህል ድንጋይ ነቅዬ ሰጠሁት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከፊት ቀኝ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም መጣ፤ ወደ ግራ ሲታጠፍ ብሶበት ያጉረመርማል፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ዝም ይላል። የእጄን ጀርባ የጎማው እምብርት ላይ ባስጠጋው እንደ ምድጃ ይፋጃል። «ኩሽኔታው አልቋል» አልኩ። ተፈታ፤ አልቋል። ከዚያ በኋላ እኔን የሚችለኝ ጠፋ። በሰፈር ሳልፍ የሰው ሳል ሰምቼ በሽታውን መናገር ጀመርኩ።

እውቀቴ የአባቴ ነበር። አባቴ ከአፋር ቆላ ጨው በግመል ጭኖ አሊዩ አምባ የሚያራግፍ ነጋዴ ነበር። ግመሎቹን ከኋላ እየተከተለ ዓይኑን ጨፍኖ ይሄዳል፤ ያንቀላፋ ይመስላል፣ ግን እያዳመጠ ነው። የጭነቱ እንጨት ከጠፍሩ ጋር እየተፋጨ ሲጢጥ ሲል ያቆምና ሞራ ይቀባዋል። እንጨቱ ዝም ይላል፤ የግመሉም ጀርባ ከመላጥ ይድናል። «የሚጮህ ሁሉ የደረቀ ነው፤ የደረቀ ሁሉ ይቀባል» ይል ነበር። ለግመል እውነት ነው። አባቴ ፍሬን ሳያይ ነው የሞተው፤ ነፍሱን ይማር፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም።

አሁን በዚያ ቆርቆሮ ቤት ወደማውቀው አንድ ሹፌር ልምጣ። ሹፌሩ የይፋት ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሶላቱን የማያሳልፍ፣ የሦስት ሕፃናት አባት። የሚነዳው ካሚዮን የሚመላለሰው ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ከሚርቀው ኮረብታ ነው። ከአናቱ ላይ ድንጋይ ይፈነቀላል፤ እሱ ድንጋዩን ጭኖ በሦስት ጠመዝማዛ ወርዶ ከታች ወንዙ ላይ ለሚሠራው ድልድይ ያደርሳል። ሲወጣ ምንም የለም። ሲወርድ ግን የኋላ ግራ ጎማው ይጮሃል። ጩኸት ደግሞ ጩኸት እንዳይመስላችሁ፤ ውርንጭላ በቆርቆሮ ላይ ቢጎተት ነው። ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ ሲጀምር ድልድዩ ላይ የሚሠሩት ሰዎች ቀና ሳይሉ መንገዱን ይለቃሉ፤ ገበያተኛው አህያውን ጥግ ያስይዛል። ለምደነው ነበር።

ያልለመደው ካፖው ነው። ካፖው የሥራው አለቃ ነው፤ አጭር፣ ቀይ፣ ሁልጊዜ አንገቱን በመሐረብ የሚጠርግ ጣሊያን። ሁለት ጊዜ፣ ካሚዮኑ ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ሲጮህ ከማዶ ሸንተረር ተተኮሰ። ካፖው ሁለቱን ደመረ። ሹፌሩን ጠርቶ «ፍሬን እየያዝክ አይደለም፤ ለሽፍቶቹ እየነገርክ ነው» አለው። ቀጥሎም፣ ነገ እኔ ራሴ አጠገብህ እቀመጣለሁ፤ ይህ ካሚዮን አንዴ ቢጮህ ከመሪው አውርጄ ለካራቢኜሪ ፖሊስ እሰጥሃለሁ አለ። እንደዚያ ተይዘው የተወሰዱ ሁለት ሰዎች አውቅ ነበር። ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ።

ሹፌሩ ከካፖው ቢሮ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቆርቆሮው ሙቀቱን ቁልቁል ያወርደዋል። መካኒኩ ዕቃ ሊያመጣ ደሴ ሄዷል። ያለሁት እኔ ነኝ።

«አንተ ጆሮ» አለኝ፣ ቆሞ መቆም አቅቶት አንዴ በአንዱ እግሩ፣ አንዴ በሌላው እየቆመ። «ወላሂ ዛሬ ካላዳንከኝ ልጆቼን አደራ።»

«ተው እንጂ! ለጩኸት ነው ይህ ሁሉ?»

«ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ?»

«ታውቀዋለህ ወይ ትለኛለህ?» አልኩት። አላውቀውም ነበር።

በክሪክ አነሳነው። ጎማዎቹን ፈትቼ ታምቡሩን ጎትቼ አወጣሁት። ታምቡር ማለት እንደ ድስት የጎደጎደ ክብ ብረት ነው፤ ከጎማው ጋር ይዞራል። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ሸራ የለበሱ ሁለት ግማሽ ጨረቃ መሳይ ብረቶች ከውስጥ ተከፍተው ግድግዳውን ይይዙታል፤ ይሄን ጊዜ ጎማው ይቆማል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የታምቡሩን ውስጥ ባየው ዙሪያውን እንደ ብር አምባር የሚያበሩ ቀለበቶች ተስለውበታል። ሸራው ሳስቷል፤ ብረቱ ላይ የያዙት የነሐስ ምስማሮች ብቅ ብቅ ብለው አናታቸው እንደ ወርቅ ይብለጨለጫል።

አየሁት። እነዚህ ሁለት ዓይኖቼ አይተውታል። «እንዴት ያምራል!» ነው ያልኩት።

«ምን አገኘህ?» አለ ሹፌሩ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ።

«ጤነኛ ነው። ንጹሕ ነው፤ አታየውም ሲያበራ? ደርቆ ነው እንጂ።»

«ታዲያ?»

«የደረቀ ይቀባላ!»

ሰውዬው ከእኔ ይልቅ ልቡ ነግሮት ነበር። «ግን እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «መካኒኩ ‹እዚህ ውስጥ ግራሶ እንዳይገባ› እያለ ሲጮህብህ ሰምቼዋለሁ።»

«እኔ ግራሶ አልኩህ እንዴ?»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ቅቤ ነው!»

አንባቢዎቼ፣ አትሳቁ፤ ወይም ሳቁ። ግራሶ የጣሊያን ነው፤ ጥቁር ነው፣ ይገማል፣ ብረት ይነካካል፣ ጣሊያኑ ራሱ ከልክሎታል። ቅቤ ግን የእኛ ነው፤ ራስ ይቀቡታል፣ የተሰበረ ያሹበታል፣ አራስ ትውጠዋለች። ቅቤ ማንን ጎድቶ ያውቃል? እንዲህ ነበር ያሰብኩት። እንዲያውም ጣሊያኖቹ እስካሁን እንዴት አልታያቸውም ብዬ አዘንኩላቸው።

ያኔ የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነው። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። አክስቴ ለፋሲካ ያነጠረችውን ቅቤ በቅል አድርጋ ከምሰሶው ላይ ሰቅላዋለች፤ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ አብሽ የገባበት ቅቤ። በቆላው ሙቀት ቀልጦ እንደ ማር ይንጠባጠባል። እሷ ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ግማሹን በጣሳ ገለበጥኩና ቅሉን እንደነበረ ሰቀልኩት። ጾሙ እስኪፈታ ማንም አይነካውም፤ እስከዚያ እግዜር ያውቃል አልኩ።

«ቢስሚላህ በል» አለኝ ሹፌሩ።

«በስመ አብ» አልኩና ቀባሁት።

የሚጮኸው የኋላ ግራው ብቻ ነበር። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ሌሎቹ ሦስቱ ይይዙት ነበር። ለወዳጅ አይሰሰትም ብዬ አራቱንም ፈትቼ አራቱንም አጠጣሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ጨርሰን ግቢው ውስጥ በአንደኛ ማርሽ አዞርነው። ፍሬን ያዘ፤ ባዶው ካሚዮን ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ቆመ። ድምፅ የለም። ሙሽራም እንደዚያ አትራመድ። ሹፌሩ ከጋቢና ወርዶ አቀፈኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። እኔ በእጄ ላይ የቀረውን ቅቤ ፀጉሬን እየቀባሁ «ይቺ ምን አላት!» አልኩ።

ማግሥቱን አርፍጄ ተነሳሁ። ካሚዮኑ ካፖውን ጭኖ ወደ ኮረብታው ወጥቷል። ሽቅብ ሲወጣ ፍሬን አያስፈልግም፤ ድንጋይ ጭኖ እስኪሞላም ረፋዱ ያልፋል። አክስቴ ከወንዝ ውሃ ቀድታ መጣችና ደጃፍ ላይ ቆማ «ና፣ አውርድልኝ» አለችኝ። እንስራውን ከጀርባዋ በሁለት እጄ ያዝኩ። ያዝኩ ስላችሁ አቀፍኩ ማለቴ ነው። እንስራው እንደ ዓሣ ከመዳፌ ወጣ። ምንም ድምፅ ሳያሰማ ነው የወጣው። ድምፁ የተሰማው ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ነው።

«ውይ! ውይ እንስራዬ! አንተ ልጅ፣ እጅህን ምን ነካው?» መዳፌን ያዝ አድርጋ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። «ኮሰረት! በሁዳዴ! ቅቤዬን በላህብኝ?»

«አልበላሁም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ማን በላው?»

መዳፌን እያየሁ ነበር። እንስራው ሳይጮህ የወጣው መዳፌ ስላልያዘው ነው። በደንብ ብይዘው ኖሮ ሸክላው በመዳፌ ውስጥ ሲጢጥ ይል ነበር። «ካሚዮኑ!» ብዬ ጮህኩና ሮጥኩ። አክስቴ ከኋላዬ «ካሚዮን ቅቤ በላ ትለኛለህ? አንተ ከሃዲ!» ስትል ሰማሁ። እንደ እሷ እውነቱን ቀድሞ የተናገረ የለም።

የአንድ ሰዓቱን መንገድ በስንት እንደጨረስኩት አላውቅም። ጫማዬ አንዱ ወልቆ ቀረ፤ ሌላውን እኔ ወረወርኩት። ቁልቋሉ ቦጨቀኝ፤ ፀሐይዋ በፀጉሬ ላይ ያለውን ቅቤ አቅልጣ ዓይኔ ውስጥ አፈሰሰችው። ዓይኔን እየጠረግሁ፣ እየተደናቀፍኩ፣ «ገና አልሞላም፤ ድንጋይ ቶሎ አይሞላም» እያልኩ እሮጣለሁ። የያዝኩት አቋራጭ ከመንገዱ ጋር የሚገናኘው ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ነው፤ ከድልድዩ በላይ። እዚያ ደርሼ ቀና ስል ካሚዮኑ ሞልቶ፣ ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ ወጥቶ እየወረደ ነው።

ዝም ብሎ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዝምታ አላየሁም። ያ ሁሉ ድንጋይ፣ ያ ሁሉ ብረት እንደ ድመት ነው የሚመጣው። ሹፌሩ ከወንበሩ ተነስቶ ሁለት እግሩን ፍሬኑ ላይ አቁሟል፤ ካፖው በአንድ እጁ በሩን፣ በሌላው ባርኔጣውን ይዟል።

ወደ ታች ዞርኩ። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች መንገዱ ላይ ተቀምጠው ድንጋይ ይጠርባሉ። አንድም ቀና ያለ የለም። ለምን ይበሉ? ካሚዮን ሲመጣ ይጮሃል፤ አልጮኸም፤ ስለዚህ አልመጣም። ጩኸቱን የገደልኩት እኔ ነኝ።

«ሽሹ! ፍሬን የለውም! ሽሹ!» ብዬ ጮህኩ። ሠላሳ መዶሻ ነው፤ ማን ይሰማኛል? አንዱ ቀና ብሎ አየኝና እጁን አወዛወዘልኝ፤ ሰላም ያልኩት መስሎታል።

ያኔ ነው ያደረግሁትን ያደረግሁት። ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ እንደ ፍሬኑ ጮህኩ። ቃል የለውም። ጥርሴን ገጥሜ በጥርሴ መሐል ያንን የውርንጭላና የቆርቆሮ ድምፅ አወጣሁት፤ ለወራት በየቀኑ ስሰማው የኖርኩት ነውና አሳምሬ አውቀዋለሁ። ሠላሳው ሰው በአንድ ጊዜ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ መዶሻውን ይዞ ተነሳና ወደ ጥግ ወጣ። እንደ ልማዱ። ባዶው መንገድ ላይ አንድ ጣሳ ውሃ ብቻ ቀረ።

ካሚዮኑ በአጠገቤ አለፈ። ነፋሱ ጣለኝ። ሹፌሩ መሪውን ጠምዝዞ ከድልድዩ አጠገብ የተከመረው አሸዋ ውስጥ ሰነቀረው፤ አሸዋው እስከ መብራቱ ዋጠው፤ ድንጋዩ በጋቢናው አናት ላይ እየተንከባለለ ወረደ፤ ቆመ። ሰው አልሞተም። የካፖው ባርኔጣ ወንዝ ገባ።

ቀጥሎ የመጣው ሽታው ነው። የጋለው ታምቡር ቅቤውን ጠበሰው። ኮሰረቱ፣ ኮረሪማው በሸለቆው ላይ ተነሳ። በሁዳዴ፣ ቆሎ ቆርጥሞ ከማለዳ ጀምሮ ድንጋይ ሲጠርብ የዋለውን ጾመኛ የፋሲካ ወጥ ሸተተው። አንድ ሽማግሌ ጠራቢ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው «ኧረ በሥላሴ! ይህን የሠራ ማነው? በአፍንጫ አስገደፈን እኮ!» ሲሉ ሰማሁ።

ካፖው ከጋቢናው ወጣ። ግንባሩ ይደማል። ሽጉጡን መዝዞ ሹፌሩ ደረት ላይ አደረገና «ሳቦታጆ!» ብሎ ጮኸ። ሆን ብለህ አበላሸኸው ማለቱ ነው። «ማነው የነካው? ተናገር!»

ሹፌሩ ስሜን ቢጠራ በቃው ነበር። አልጠራም። ዱዓ ያደርጋል፣ ዓይኑ ግን ወደ እኔ አልዞረም። እኔ ከግራር ሥር ነበርኩ፤ እውነቱን ልናገርና፣ በየት በኩል እንደምሸሽ እየመረጥኩ ነበር። አቋራጩ ከኋላዬ ነው፤ ማንም አላየኝም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ካሚዮኑ እንደዚያ ዝም ብሎ ሲመጣ ያየሁት ገና ከዓይኔ አልጠፋም ነበር፤ አሁን ደግሞ ሰውዬው ዝም አለ። ያንን ዝምታ አልቻልኩትም።

«እኔ ነኝ!» አልኩና በባዶ እግሬ ወረድኩ። «እኔ ነኝ የቀባሁት። ቅቤ ነው።»

«ቅቤ?» አለ ካፖው። ቃሉን ያውቀዋል። በጣቱ ታምቡሩን ነካ፤ ፈጀው፤ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። እንደዚያ ቆሞ ቀረ፤ በአንድ እጁ ሽጉጥ፣ የሌላውን እጁን ጣት እየጠባ። ቅቤ መሆኑን መካድ አልቻለም።

ለምን እንደቀባሁት ተናገርኩ። እንዳይጮህ ነው አልኩ። አራቱንም ለምን አለኝ፤ ለወዳጅ አይሰሰትም ብዬ ነው አልኩት። ሹፌሩ እያለቀሰ ነው የተረጎመለት፤ በሳቅ ይሁን በሐዘን ዛሬም አላውቅም። ካፖው ረጅም ጊዜ አየኝ። እንደዚህ ያለ ሞኝ ጠላት ሊኖረው ይችላል ብሎ ማመን ያቃተው መሰለኝ፤ ግን ሞኝነቴን አምኖ ሊለቀንም ፈራ። «መካኒኩ ይምጣ» አለና ሁለታችንንም የዕቃ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አስቆለፈብን።

ሁለት ቀን ነው የቆየነው። በውስጡ ሁለት እርምጃ መሄጃ ነበር፤ እኔ ሄድኩት። እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ።

«ኧረ ተቀመጥ! ጭንቅላቴን አዞርከው» ይለኛል ሹፌሩ።

«ለምን ስሜን አልጠራህም?»

«ምን ይጠቅመኛል? ያው አንተንም ገድሎ እኔንም ይገድል ነበር።»

«እንደዚህ ነው ያሰብከው?»

«አይ» አለ። «ያቀፍኩህን እያሰብኩ ነበር። ትናንት አቅፌህ ዛሬ ልጠቁምህ?» ቀጥሎ ደግሞ፦ «ደግሞ ሽታህ! አሁንም ፀጉርህ ላይ አለ። ወላሂ ርቦኛል፤ ከእኔ ራቅ በል።»

በሦስተኛው ቀን መካኒኩ ደረሰ። አውጥተው ድልድዩ ጋ ወሰዱን። ካሚዮኑ ከአሸዋው ወጥቶ ጎማው ተፈትቷል። መካኒኩ ሸራውን ነቅሎ ካፖው አፍንጫ ሥር አደረገና በጣሊያንኛ ብዙ ተናገረ። ሹፌሩ በጆሮዬ «ይህ ሸራ ይቀየር ብዬ ሦስት ጊዜ ጠይቄሃለሁ፤ አንተ ይቆይ አልከኝ ነው የሚለው» አለኝ። መካኒኩ ቀጠለ። ያን እንደ ወርቅ ያደነቅሁትን የምስማር አናት እያሳየ፣ ያን እንደ ብር አምባር ያደነቅሁትን የታምቡር ቀለበት እያሳየ፤ ሸራው ሲያልቅ ምስማሩ ወጥቶ ብረቱን እየቧጨረ ነው የሚጮኸው አለ። ከዚያ ሸራውን እንደያዘ ምስማሩን ታምቡሩ ላይ አጥብቆ ጎተተው።

ጮኸ። ያው ራሱ ጩኸት። ከኋላችን የነበሩት ጠራቢዎች በሙሉ ተነስተው ወደ ጥግ ወጡ።

ካፖው ዞሮ አያቸው። የጆሮው ጫፍ ቀላ። ስለ ሽፍታና ስለ ምልክት ዳግመኛ አንድ ቃል አልተናገረም። ሹፌሩን «ቫይ፣ ቫይ፤ ወደ ሥራህ» አለው፤ ወደ እኔ ጣቱን ቀሰረ፦ አዲሱ ሸራ ከገባ በኋላ ይህ ሰው ቁልቁል በወረደ ቁጥር ካሚዮኑ ላይ ይቀመጣል፤ ፍሬኑ ከከዳ እሱም አብሮ ይሂድ። ፍርድ ማለት ይህ ነው። ቅቤዬን የምጠጣው እኔው ሆንኩ።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳልቀር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከዚያ ሸንተረር የወረደ አንድ አርበኛ ጠጅ ቤት አግኝቶኝ «ያ የሚጮኸው ካሚዮን ምን ነካው?» አለኝ። «ጩኸቱን ስንሰማ ነበር ጠመንጃችንን የምናቀባብለው። ድንገት ጠፋብን!» ሹፌሩ ምንም ሳያውቅ እውነትም ምልክት ሲሰጥ ኖሯል። እንግዲህ እኔ ለአገሬ ነፃነት ያደረግሁት ይህ ነው፤ የአርበኞቹን ጥሩምባ ቅቤ አጠጥቼ ዘጋሁት። የጠጁን ሒሳብ እኔ ከፈልኩ፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም።

የመጀመሪያውን ጉዞ አልረሳም። አዲሱ ሸራ ገብቷል፤ ድንጋዩ ሞልቷል፤ ካፖው ከታች ድልድዩ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ሹፌሩና እኔ ጋቢና ነን። እሱ መሪውን ጨብጧል፤ እኔ የበሩን እጀታ። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ጋ ሲደርስ ፍሬኑን ረገጠ። ሽ… አለ፤ እንደ እንቅልፋም ሰው ትንፋሽ። ያዘ። ትንሽ እንደሄድን ከኋላ አንድ ነገር ጀመረ። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።

«ሰማኸው?» አለኝ ሹፌሩ፤ ላብ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

«ሰማሁት።»

«ምንድን ነው?»

አፌ ተከፈተ። ከሳምንት በፊት ቢሆን አስራ ሁለት በሽታ ዘርዝሬለት፣ የመድኃኒቱን ዓይነትም ጨምሬለት ነበር።

«አላውቅም» አልኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ መሰለኝ። «አቁም፤ ወርደን እንይ።»

ረገጠው። ካሚዮኑ ከነድንጋዩ፣ በቁልቁለቱ መሐል፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሹፌሩ ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ደጋግሞ አለው። ወርደን ዞርን። ከመንታ ጎማዎቹ መካከል እንቁላል የሚያህል ድንጋይ ተሰክቷል። ሹፌሩ ነቅሎ አወጣው፤ በመዳፉ ላይ አገላበጠው፤ ከዚያ መዳፌን ዘርግቶ አስቀመጠልኝ።

«በል እንካ፣ ጆሮ» አለኝ። «ይህንንስ ትቀባዋለህ?»